ወገብን በእጅ ማቃናት ምን ያህል ይረዳል?

ከጧት እስከ ማታ መዝገብ ወይም መጽሐፍ ላይ አጎንብሶ የዋለ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ወገቡን ይዞ ማቃሰቱ የተለመደ ነገር ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ሁለት ጊዜ ተነሥተን መንጠራራታችንን አንሸሽግም። በ2020 ዓ.ም. በዓለም ላይ የታችኛው ወገብ ሕመም የነበረበት ሰው ቁጥር 619 ሚሊዮን ያህል መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕመምተኛው ይህን ያህል ከበዛ፥ መድኃኒቱ በእጄ ነው የሚለውም የዚያኑ ያህል ቢበዛ አያስደንቅም።

ከነዚህም አንዱ በአሜሪካ ተወልዶ ወደ ብዙ አገሮች የተዛመተው ካይሮፕራክቲክ የሚባለው ሕክምና ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው በእጅ የሚሠራ ማለት ነው። ባለሙያው ሕመምተኛውን አስተኝቶ፥ ቢላዋም ክኒንም ሳይዝ፥ አከርካሪውን በእጁ ድንገት ገፋ እያደረገ ያቃናል። አንባቢያችን ወጌሻን ቢያስታውስ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ወጌሻ የተሰበረውንና የወለቀውን ሲጠግን፥ ካይሮፕራክተር የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ያልተሰበረውንና ያልወለቀውን ነው። በሚነካበትም ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሕመምተኛው አጥንቱ ወደ ቦታው የገባ ይመስለዋል፤ ድምፁ ግን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ካለው ጋዝ የሚመጣ ነው እንጂ አጥንት ወደ ቦታው በመመለሱ አይደለም።

ሙያውን የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የተባለ ሰው ነው። በ1895 ዓ.ም. አዮዋ ውስጥ ዳቬንፖርት በምትባል ከተማ የአንድ ደንቆሮ ሰው አከርካሪ ባቃናሁ ጊዜ ጆሮው ተከፈተለት አለ። ከዚህም ተነሥቶ ከመቶው በሽታ ዘጠና አምስቱ የሚመጣው ከአከርካሪ አጥንት መዛባት ነው እስከ ማለት ደረሰ። የመስሚያው ጅማት ከአንጎል ወደ ጆሮ በቀጥታ የሚሄድ እንጂ በአከርካሪ በኩል የሚያልፍ እንዳልሆነ የሰውነትን አሠራር የተማረ ሁሉ ያውቃል። ከአንድ ሰው ጆሮ ተነሥቶ ወደ ዓለም በሽታ ሁሉ መሻገር ደግሞ እጅግ ረዥም ዝላይ ነው።

የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም በበኩሉ ከልክ አለፈ። በ1963 ዓ.ም. ሙያውን ለማጥፋት የሚሠራ ኮሚቴ አቋቁሞ፥ ሐኪሞች ከካይሮፕራክተሮች ጋር እንዳይተባበሩ አደረገ። ካይሮፕራክተሮቹ በ1976 ዓ.ም. ከሰሱት። በ1987 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ማኅበሩ የንግድ ውድድርን የሚጠብቀውን ሕግ ተላልፏል ብሎ ፈረደበት። ደጋፊዎቹ ይህን ፍርድ ሕክምናው ለመፈወሱ ምስክር አድርገው ሲጠቅሱት እንሰማለን። ዳኛዋ ግን ስለ ሕክምናው ፈዋሽነት አልፈረዱም።

እንግዲህ ወገብን የሚመረምር ምን ዐይነት ማስረጃ ነው? «እኔ ሄጄ ድኛለሁ» የሚለው ምስክርነት ብቻውን አይበቃም። ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው ሕመሙ በጠናበት ቀን ነው፤ አዲስ የወገብ ሕመም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ እየቀለለ ይሄዳል። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚያመሰግነው በዚያ ሰሞን ያገኘውን ሰው ሁሉ ነው። ይህን ለመለየት ያለው መንገድ ሕመምተኞችን በዕጣ ከፋፍሎ፥ ለአንዱ ወገን አንዱን፥ ለሌላው ሌላውን ሰጥቶ ማመዛዘን ነው።

በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ሐኪም ዘንድ ቀርበው ከሰባት ቀን በኋላም ያልተሻላቸው 321 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኞቹ ወደ ካይሮፕራክተር፥ ሁለተኞቹ በእንቅስቃሴ ወደሚያክም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተላኩ፤ ሦስተኞቹ ግን ስለ ወገብ ሕመም የተጻፈች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ተሰጣቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው የወጣው ወጪ ለካይሮፕራክቲክ 429 ዶላር፥ ለፊዚዮቴራፒ 437 ዶላር፥ ለመጽሐፏ ወገን 153 ዶላር ነበር። ውጤቱ ሲታይ ሁለቱ ሕክምናዎች እኩል ሆኑ፤ መጽሐፏንም የበለጡት በጥቂት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሕክምናውን እንዴት አገኛችሁት ተብለው ሲጠየቁ፥ በእጅ ከታከሙትና እንቅስቃሴ ከተማሩት ከመቶው ሰባ አምስት ያህሉ እጅግ መልካም ነው ሲሉ፥ ከመጽሐፏ ወገን ግን እንዲህ ያለው ከመቶው ሠላሳ ያህሉ ብቻ ነበር። ወጣት አንባቢያችን እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ቢመለከት እንወዳለን። የሰው እጅ የነካው፥ አቤቱታውን ያደመጠው ሰው ያገኘ ሕመምተኛ ይደሰታል። ደስታው ዋጋ የለውም አንልም፤ ወገብን ማዳን ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚያው መጽሔት በዚያው ዕትም ስለ አስም የተደረገ ሌላ ጥናትም ወጥቶ ነበር። አስም ካለባቸው ሕፃናት ለግማሾቹ እውነተኛው፥ ለግማሾቹ የማስመሰያው ካይሮፕራክቲክ ተደረገላቸው፤ እውነተኛው ከማስመሰያው የበለጠ ጥቅም አላስገኘም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናቶች ተደርገዋል። በ2017 ዓ.ም. ስለ አዲስ የወገብ ሕመም ጥናቶችን የሰበሰቡ ሊቃውንት፥ በእጅ ማቃናት ሕመሙን ከመቶ ነጥብ በአሥር ያህል እንደሚቀንስ አገኙ። በ2018 ዓ.ም. በ750 የአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት፥ በተለመደው ሕክምና ላይ ካይሮፕራክቲክ የተጨመረላቸው በስድስት ሳምንት የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደ ነበሩ አሳየ። በ2019 ዓ.ም. ሥር ስለ ሰደደ ሕመም 47 ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፥ ውጤቱ ከሰውነት እንቅስቃሴና ሐኪሞች ከሚያዝዟቸው ከሌሎቹ ሕክምናዎች ጋር ተመሳሳይ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከሚረዱት ጋር ቈጥሮታል።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ወገቡን የታመመ ሰው በእጅ መታከምን ቢመርጥ ሞኝ ነው አይባልም። በአሜሪካ በሁሉም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ሙያ ስለ ሆነ፥ በዚያ የሚኖሩና ለትምህርት የሚሄዱ ወገኖቻችን ያገኙታል። ነገር ግን ከመክፈላቸው በፊት «ከምን ጋር ሲመዛዘን ነው የሚሻለው?» ብለው ይጠይቁ። ሠላሳና አርባ ጊዜ ትመለሳለህ ብሎ አስቀድሞ ለሚያስከፍል፥ ወይም በአከርካሪ በኩል አስምንና ጆሮን እፈውሳለሁ ለሚል፥ ከላይ የጠቀስናቸው ጥናቶች ድጋፍ አይሰጡትም። በእንቅስቃሴ መበርታት፥ ከአልጋ ላይ አለመዋል፥ ከወንበርም ቶሎ ቶሎ መነሣት ገንዘብ አይጠይቅም።

አንገትን በኃይል መጠምዘዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አልፎ አልፎ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ተቀድዶ ስትሮክ ደርሶ ያውቃል። ከወገብ ሕመሙም ጋር እግሩ የሚሰንፍበት፥ በጭኖቹ መካከል የሚደነዝዘው፥ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ትኩሳት፥ የሌሊት ላብና ክሳት የተጨመረበት ሕመምም የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል፥ ማንም ሰው ጀርባውን ሳይነካው በፊት በሐኪም ይመርመር።