ቢሮ በወንበር አይጀመርም



ዛሬ የምናነሳው ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ነው። ቤታችን ውስጥ ስለምንሠራበት ቦታና እዚያ ስለምናስቀምጠው ወረቀት ነው። ትንሽ አለመሆኑን ግን እኛ በደንብ አይተነዋል።

ከመካከላችን አንዱ አምቦ ውስጥ ለዓመታት የሰፈር እድር ጸሐፊ ነበር። መዝገቡን፣ የደረሰኝ ጥራዙንና የአባላቱን ዝርዝር በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ አልጋ ሥር ያስቀምጥ ነበር። አንድ ክረምት ላይ ጣሪያው አፈሰሰና ውሃው ወለሉን ይዞ ከረጢቱ ውስጥ ገባ። ይህ የታወቀው ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቤት ሐዘን ደርሶ መዝገቡ ሲፈለግ ነው። ገጾቹ ተጣብቀው፣ ቀለሙ ፈስሶ ተገኘ። ሟቹ ወርሃዊ መዋጮውን ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም? ማንም ማሳየት አልቻለም። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሁለት የተከበሩ አባቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተከራከሩ። ገንዘቡ በመጨረሻ ተሰጠ። ቅሬታው ግን እስከ ዛሬ አልሻረም።

ወንድማችን ከእድሩ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አልነካም። የጎደለው ታማኝነት አልነበረም፤ የጎደለው አንድ ደረቅ መደርደሪያ ነበር።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ የሥራ ቦታ ማደራጀት የቅንጦት ሳይሆን የአማና ጉዳይ ነው። የሚጀመረውም በገንዘብ አይደለም። መጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ የወረቀት ሥርዓት፣ ከዚያ የቤተሰብ ስምምነት ይመጣል። ወንበሩ መጨረሻ ነው።

«ለእኛ ቤት ቢሮ ምን ያደርጋል?»

ይህን የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ግን እስቲ ዙሪያችንን እንመልከት። ማታ ቤቱ ተቀምጦ የተማሪ ውጤት የሚሞላ መምህር አለ። የመመረቂያ ጽሑፏን በተከራየችው ክፍል የምትጽፍ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች። የግንጪው የጤፍ ነጋዴ፣ የባኮው የበቆሎ ነጋዴ፣ ከጀልዱ ድንች የሚያመላልሰው ወንድማችን ሁሉ ሒሳባቸውን የሚሠሩት ሱቅ ወይም መጋዘን ውስጥ ሳይሆን ማታ ቤት ገብተው ነው። ጉደር ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በትዕዛዝ የምትሰፋ እህት አለች። የእቁብ ሰብሳቢና የጀመዓ ጸሐፊም አሉ። እነዚህ ሁሉ ቢሮ አላቸው፤ ቢሮ ብለው አልጠሩትም እንጂ።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኮሮና አገራችን ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ከቤት እንዲሠራ ሲነገረው፣ ስንቶቻችን ቤታችን ውስጥ አንድ ወረቀት የምንጽፍበት ቦታ እንደሌለን ያወቅነው ያኔ ነው። ሕጉም ቢሆን ቤትን የሥራ ቦታ አድርጎ ያውቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በራሱ ቤት ሆኖ ለአሠሪ የሚሠራበትን ውል ለይቶ አስቀምጧል።

ለእኛ ሙስሊሞች ደግሞ ሌላ ማስታወሻ አለን። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ ሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍ የወረደ ነው። ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ምስክሮቹ፣ መጻፍን ስላለመሰልቸት ይናገራል። ይህን እያነበብን የጻፍነውን ውል አልጋ ሥር ለአይጥና ለውሃ መተው ምን ይባላል? መጻፉ ግማሹ ሥራ ነው። የጻፉትን ሲፈለግ ማውጣት መቻል ደግሞ ሌላው ግማሽ ነው።

አንደኛ፦ ቦታው

የተለየ ክፍል ያለው ሰው አልሐምዱሊላህ ይበል። አብዛኞቻችን ግን የለንም። አንድ ክፍል ተከራይተን አምስት ሆነን የምንኖርም አለን። ቢሮ ለመባል ግን አንድ ነገር ብቻ በቂ ነው፦ ሁልጊዜ ያው የሆነ ቦታ። አንድ ሜትር የማይሞላ ጥግ ይበቃል። እሱም ከሌለ አንድ ክዳን ያለው ሳጥን ቢሮ ይሆናል። ሥራ ሲጀመር ይከፈታል፣ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ሳጥኑ ተመልሶ ይዘጋል። እራት የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ መሥራት ነውር የለውም። ነውሩ እራት በደረሰ ቁጥር ወረቀቱ በየአቅጣጫው መበተኑ ነው።

መስኮት ካለ ቦታው ከመስኮቱ ጎን ይሁን። በቀኝ እጁ የሚጽፍ ሰው ብርሃኑ በግራው ቢመጣለት የእጁ ጥላ ጽሑፉ ላይ አይወድቅም። ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው ደግሞ መስኮቱን ከኋላው አያድርግ፤ ስክሪኑ ያንጸባርቅበታል።

ለመቀመጫ በርጩማም ይሁን መደብ፣ እግር መሬት ነክቶ ጉልበት ቀጥ ባለ ማዕዘን መታጠፍ አለበት። መጻፊያው ገበታ ክርን ከሚያርፍበት ከፍታ ጋር ቢስተካከል ጥሩ ነው። ለአማካይ ቁመት ይህ ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ከሥሩ መጽሐፍ ደርድሮ ከፍ ማድረግ አንገትን ያሳርፋል። ለዚህ ሁሉ እስካሁን አንድ ብር አላወጣንም።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱ

ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ በመንግሥት ይመዘገባሉ። ፋይዳ መጥቷል። የቤት ካርታ፣ የገጠሩ መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የትምህርት ማስረጃ አለ። ከወረዳ የሚመጣው ወረቀት በአፋን ኦሮሞ፣ ከባንክ የሚመጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቤት ያለው ወረቀት በአባቶቻችን ዘመን አንድ ቀበሌ ከነበረው ሳይበልጥ አይቀርም።

እኛ የሠራልን መንገድ ቀላል ነው። አራት ክላሰር ወይም አራት ፖስታ እናዘጋጅ፦

1. ማንነት፦ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የኒካሕ ወረቀት።
2. ቤትና መሬት፦ ካርታ፣ የይዞታ ደብተር፣ የኪራይ ውል።
3. ትምህርትና ሥራ፦ ዲፕሎማ፣ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ የቅጥር ደብዳቤ።
4. ገንዘብ፦ ደረሰኝ፣ ግብር፣ ብድር፣ እቁብ።

የእድር፣ የጀመዓ ወይም የመስጂድ ሰነድ ቤቱ ያለ ሰው አምስተኛ ይጨምር፤ ከራሱ ወረቀት ጋርም ፈጽሞ አይቀላቅል። ለእያንዳንዱ በላዩ ላይ በጉልህ እንጻፍበት። ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። እኛ በሌለንበት ቀን ልጃችን ወይም እናታችን ማግኘት ካልቻሉ ሥርዓት አልሠራንም ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ደብተር ያስፈልጋል። ቀን፣ ስም፣ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ የሚሉ አምስት ዓምዶች ይሰመሩበት። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብዙዎቻችን «መልእክቱ ስልኬ ላይ አለ» እያልን መጻፍ ትተናል። ስልክ ግን ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ መልእክቱም ይደመሰሳል። የላክነውንም የተቀበልነውንም ማታውኑ ደብተር ላይ እናስፍር።

ሦስተኛ፦ ክረምት፣ መብራትና ኔትወርክ

የእኛ አገር ቢሮ ጠላቶቹ የታወቁ ናቸው። ክረምታችን ረጅም ነው፣ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ሰነድ ከመሬት ቢያንስ ሁለት ስንዝር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳም ይራቅ። እያንዳንዱ ክላሰር በላስቲክ ይጠቅለል። ዋና ዋናዎቹን በስልክ ፎቶ አንስተን አንዱን ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ከቤታችን ውጭ የምናምነው ዘመድ ጋ እናስቀምጥ። የፎቶውን ስም በዓመትና በዓይነት ብንሰይመው በኋላ ሺህ ፎቶ ውስጥ አንዳክርም።

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩንና ቻርጀሩን ከሶኬት እንንቀል፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው ሲጠፋ ሳይሆን በኃይል ተመልሶ ሲመጣ ነው። በእጅ የሚጻፈውን ሥራ ለዚያ ሰዓት ማቆየት ይቻላል። ኔትወርክም እንደዚያው ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲዘጋ፣ ሥራውን ሁሉ ኢሜይል ውስጥ ያስቀመጠ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። አውርዶ ያስቀመጠው ግን ሠራ። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት እናውርድ።

ብር ሲኖርስ?

ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አንጽፍም፤ ቅደም ተከተሉን ግን እንናገር። ትንሽ ብር ያለው መጀመሪያ ክላሰርና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይግዛ። ቀጥሎ ሌሊት ለሚሠራ በቻርጅ የሚሠራ መብራት። ትንሽ ከፍ ሲል ሰፈር ካለው አናጢ ጋ በባሕር ዛፍ ጣውላ መጻፊያ ገበታና ሁለት መደርደሪያ ማሠራት ይቻላል። የራሳችንን ቁመት ለክቶ የሚሠራልን አናጢ ተሠርቶ ከሚመጣው ጠረጴዛ ይሻላል፤ ገንዘቡም እዚሁ ሰፈር ይቀራል። አቅም ያለው ደግሞ ጥሩ ወንበር፣ ስታብላይዘር፣ ፕሪንተር ይጨምር፣ ሐላሉ ነው።

እኛ የምንቃወመው የተገላቢጦሹን ነው። ሥራ ሳይጀምሩ በብድር የሚሽከረከር ወንበር ገዝተው፣ ደረሰኛቸው ግን ዛሬም ጃኬት ኪስ ውስጥ ያለ ወንድሞችን እናውቃለን። ወንበሩ የሰው ዓይን ይሞላል፤ የጠፋውን ደረሰኝ ግን አያመጣም።

የመጨረሻውና ከባዱ፦ የቤት ስምምነት

ቦታውም ወረቀቱም ቢስተካከል፣ ቤተሰቡ ካልተስማማበት በሳምንቱ ይፈርሳል። ተቀምጠን እንመካከር። መቼ ነው ዝም የሚባለው? ሳጥኑን ማን ይነካል? ሶላት ቀናችንን ቀድሞውኑ ከፋፍሎልናል። ከፈጅር በኋላ ልጆች እስኪነሱ ያለው ሰዓት ለጸጥተኛ ሥራ፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለችው አጭር ጊዜ ደግሞ የዕለቱን ሒሳብ ደብተር ላይ ለማስፈር ትመቻለች።

እዚህ ላይ ወንድሞችን አንድ ነገር በግልጽ እንጠይቃለን። በብዙ ቤት የአባወራው ወረቀት ቦታ አለው፤ የእህታችን የስፌት ሥራ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ከጥግ ወደ ጥግ ይጣላል። ልኬቱ የተጻፈበት ወረቀት ይጠፋል፣ ትዕዛዙ ይዘገያል፣ ደንበኛ ይቀየማል። ከዚያ «የሴት ሥራ ምን ያመጣል» ይባላል። ልጆቹን የሚያስተምረው ገንዘብ ከዚያው ስፌት እየመጣም ይህ ይባላል። ቦታ መስጠት ሥራዋን ሥራ ነው ብሎ መመስከር ነው። ቤቱ አንድ ጥግ ብቻ ካለው በሰዓት ይካፈሉት።

ያ የእድር ጸሐፊ ወንድማችን ዛሬም ጸሐፊ ነው። መዝገቡ አሁን በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አናጢ በሠራው መደርደሪያ ላይኛው እርከን ተቀምጧል። ሁለተኛ ቅጂው ከሊቀመንበሩ ቤት ነው። ባለፈው ክረምት ጣሪያው እንደገና አፈሰሰ፤ ወለሉ ረጠበ፣ መዝገቡ ግን ደረቅ ነበር።

በዚህ ጁሙዓ ከሰዓት፣ ሌላው ቢቀር አልጋ ሥር ያለውን ከረጢት አውጥተን መሬት ላይ እንዘርግፈው። የሰው አማና የሆነውን ከራሳችን እንለይ። የቀረው ቀስ እያለ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ሥራችንን ይባርክልን፣ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።