ጥበቡ ታየ፤ ጥበበኛውስ?

ጥበብ ለማን ነው? ይህ ጥያቄ ለዩኒቨርሲቲያችን ተማሪ አዲስ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የኮሌጅ ቀን ሲከበር ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን ባሰማ ጊዜ፣ መልሱ በርእሱ ላይ ተጽፎ ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪ መሣሪያው ድምፁና የወረቀት ማባዣው ነበር፤ ይሁን እንጂ ስለ ማን እንደሚናገር ያውቅ ነበር። ዛሬ ፎቶግራፍ የሚያነሣ፣ ፊልም የሚቀርጽና ቃላችንን ወደ ዓለም ዳርቻ የሚያደርስ ስልክ በኪሳችን ይዘናል። እንግዲህ የጎደለን መሣሪያ አይደለም።

በአዲሱ መሣሪያ ምን ሊሠራ እንደሚቻል ያሳዩን ወገኖች አሉ። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን በ1982 ዓ.ም. የተመረቀው ኤልያስ ስሜ፣ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ የኮምፒዩተር ሰሌዳና የስልክ ሽቦ እየለቀመ፣ ሽቦውን እየጎነጎነ በእንጨት ላይ ትልልቅ ሥዕሎች ይሠራል። ከሩቅ ሲያዩት ያማረ መልክዓ ምድር ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን ሥልጣኔ ተጠቅሞ የጣለው ግሳንግስ መሆኑ ይታያል። አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የአዲስ ፎቶ ፌስትን ጀመረች፤ በዳሎል በረሃ ባነሣቻቸው ፎቶግራፎችም ውኃ የመቅዳት ሸክም በሴቶች ጫንቃ ላይ መውደቁን ለዓለም አሳየች። ዕዝራ ውቤም በ2008 ዓ.ም. የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልን አቋቋመ። የእነዚህን ሰዎች ሥራ የምናደንቀው መሣሪያው አዲስ ስለሆነ አይደለም፤ ዓይናችን አልፎት የሚሄደውን ነገር ቆመን እንድናይ ስለሚያስገድደን ነው።

እኛስ? ከግቢያችን በር ወጥተን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ብንሄድ፣ ሳንርቅ የጉለሌው ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። በዚያ ሠፈር ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች፣ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው መወርወሪያ ሲወረውሩ ይውላሉ። ለበዓል የምንለብሰው ጥበብ ከእጃቸው የወጣ ነው። ሆኖም የጥበቡ መልክ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ እየታተመ በርካሽ ሲሸጥ፣ ሸማኔው ቀናት የፈጀበትን ሥራ ይዞ ገዢ ይጠብቃል። ንድፉን ከድርና ማግ ነጥሎ ያስኬደው ይኸው የምናወድሰው ሥልጣኔ ነው።

ይህን የምንጽፍ ሰዎችም ከነቀፋ አንድንም። ባለፈው ዓመት ካሜራ ይዘን ሽሮ ሜዳ ወጥተን ነበር። አንድ አዛውንት ሸማኔ ሥራቸውን አቋርጠው አስተናገዱን፤ ስንወጣም፣ «ልጆቼ፣ ፎቶው የት ነው የሚታየው?» ብለው ጠየቁን። «እናመጣልዎታለን አባባ» አልናቸው። ፎቶግራፉ በስልክ ብዙ አድናቆት አተረፈልን፤ ስማቸው ግን ከሥሩ አልተጻፈም፤ ለእርሳቸውም አልደረሰም። እኛ ጥበበኞች ተባልን፤ ጥበበኛው በጉድጓዳቸው ቀሩ። ይህ ለኅብረተሰብ ለውጥ መሥራት ሳይሆን፣ ከድሃ ደጅ መልክ ለቅሞ መመለስ ነው።

«ሥዕል ረኃብ አያስታግሥም» የሚሉ መምህራንና ጓደኞች ይኖራሉ። እውነት ነው፤ ብቻውን አያስታግሥም። ነገር ግን ያልታየ ችግር ተከራካሪ አያገኝም፤ ስሙ ያልተጠራ ሠራተኛም ዋጋውን ሌላው ይቆርጥለታል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እንዲፈጽም እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሥነ ጥበብና የምሕንድስና ተማሪዎች አብረው የሚሠሩበት አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ማታ ይከፈት። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሥራ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር፣ ከፈለገም ስሙና የሥራው ዋጋ ተጽፎበት ይውጣ። ሦስተኛ፣ ሥራው ከግቢያችን አዳራሽ በፊት በተሠራበት ሠፈር ይታይ፤ ግድግዳና አንድ ነጭ ጋቢ ለፊልም ማሳያ ይበቃሉ።

እኛም በበኩላችን ዕዳችንን ለመክፈል በመጪው ቅዳሜ ፎቶግራፉን ይዘን ወደ ሽሮ ሜዳ እንወጣለን። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ይምጣ፤ ካሜራውን ግን መጀመሪያ በኪሱ ያቆየው።