ሕፃን ሕፃንን ሲጠብቅ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በየቤቱ የታወቀ ነው። ለሊጥ እንኳ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለሰው ነፍስ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ነበር? ዳሩ ግን በብዙ የገጠር ቤት እናት ውሃ ልትቀዳ፥ እንጨት ልትለቅም ወይም ገበያ ልትወጣ በሄደች ጊዜ የሁለት ዓመቱ ሕፃን በአደራ የሚቀረው ለስምንት ዓመት እኅቱ ነው። ሊጡን የማናምናትን ልጅ ነፍስ አደራ እንሰጣታለን።

አንባቢዎቻችን ነገሩን በዓይነ ኅሊና እንዲመለከቱት፥ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጎዳና ላይ ያለችውን ኮሶዬን እናስብ። ኮሶዬ ከፍ ባለ ደጋ ላይ፥ በታላቅ ገደል አፋፍ የተቀመጠች፥ ብርድና ጉም የሚበዛባት አገር ናት። እንዲህ ባለ አገር ብርዱ ስለሚጸና እሳት ከቤት አይጠፋም፤ ሕፃኑም ሙቀት ፈልጎ ወደ ምድጃው ይድኻል። ከደጅ ወጥቶ ቢሄድ መኪና የሚመላለስበት ጎዳና አለ፤ ወዲያም ገደሉ አለ። ታላቂቱ ዓይኗን ለአንድ አፍታ ወደ ጨዋታ ብታዞርና አደጋ ቢደርስ፥ ጥፋቱ በእርስዋ ላይ ሊቈጠር አይገባም፤ እርስዋም ራስዋ ጠባቂ የሚያስፈልጋት ልጅ ናትና። ጕዳቱም እጥፍ ነው፤ ታናሹ ለአደጋ ሲጋለጥ ታላቂቱ ከትምህርት ትቀራለች።

ኮሶዬ ስለ ቤተ ሰብ ጤና ብዙ ዘመን ከተጠኑት ያገራችን መንደሮች አንዷ ናት። ዴኒስ ካርልሰንና አንድሩ ካርልሰን በዚያች መንደር በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1963 እስከ 2007 ያለውን ኑሮ መርምረው፥ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በኩል መጽሐፍ አውጥተዋል። የመጽሐፉ ስም ጤናን፥ ሀብትንና ቤተ ሰብን በአንድነት ማንሣቱ የተገባ ነው። የምንጩ ርቀት እናትን ከቤት ያዘገያል፤ የእናትም መዘግየት ሕፃኑን ለእሳት ይተወዋል፤ አንዱ ከሌላው የተያያዘ ነውና።

መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ያወጣው የቀዳማይ ልጅነት የፖሊሲ ማዕቀፍ የትምህርትን፥ የጤናንና የሴቶችን ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በአንድነት ያሰባሰበ ሲሆን፥ ከልደት ጀምሮ እስከ 7 ዓመት ያሉትን ልጆች ይመለከታል። በእርሱም መሠረት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ዜሮ ክፍል» ተከፍቷል፤ «ከልጅ ለልጅ» በሚባለውም ሥርዓት ከፍ ያሉት ተማሪዎች በመምህር ተቈጣጣሪነት ታናናሾቻቸውን እያጫወቱ ፊደልና ቍጥር ያስለምዷቸዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቄስ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ ትንንሾችን ተቀብሎ ፊደል ሲያስቈጥር ኖሯልና።

ይሁን እንጂ ክፍል መከፈቱ ብቻውን አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ እንደ ተቋረጠ የታወቀ ነው። በደኅና ጊዜም ቢሆን የስድስት ዓመት ልጅ በጉም ውስጥ ጎዳና ተሻግሮ ሩቅ ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ በየሥራው ላይ ያላችሁ ሹማምንት ሆይ፥ ክፍሉ ተከፈተ ተብሎ ሲነገራችሁ መንገዱን በሕፃን እግር መጠን ለኩት፤ ውሃና መጸዳጃ መኖሩን፥ መምህሪቱም ለዚያ ዕድሜ የሚሆን ትምህርት መማሯን ጠይቁ።

ለዜሮ ክፍል ያልደረሱት ግን በቤት የሚቀሩ ናቸው፤ ትልቁም አደጋ የእነርሱ ነው። ስለ እነዚህ የምንመክረው ሩቅ የሆነ ነገር አይደለም። ገበሬ ለእርሻ ወንፈል አለው፤ ዛሬ የአንዱን፥ ነገ የሌላውን ያርሳል። እንደዚሁ አምስት ወይም ስድስት ጎረቤታሞች እናቶች ተራ ገብተው፥ አንዲቱ በቤቷ የሁሉንም ሕፃናት ብትጠብቅ፥ የቀሩት ያለ ሥጋት ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፤ ታላላቆቹም ልጆች ወደ ትምህርት ይሄዳሉ። ተረኛዪቱ ምድጃውን በአጥር ትከልል፤ የፈላ ድስትና ጀበና ሕፃን ከማይደርስበት ታኑር። ምናልባት ሕፃን ቢቃጠል፥ ቅቤ ወይም ሊጥ ሳይቀቡ ወዲያው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በቃጠሎው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፥ የቀረውን ገላውን በደረቅ ልብስ ከብርድ መጠበቅ፥ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እናቶቹን በአንድ ቤት ተሰብስበው ቢያገኟቸው ምክራቸው ይቀላል፤ የክትባትም ቀን አይረሳም።

ለእርሻ የሚሆን ወንፈል ሳይታክተን የኖርን ሕዝብ ነን፤ ለልጆቻችንም ጥበቃ ሊታክተን አይገባም። የስምንት ዓመቷ ልጅ ደብተሯን ይዛ ትሂድ፤ ታናሽ ወንድሟን ዐዋቂ ይጠብቀው።