ከሊብሬው ጋር ደብተሩንም

የቤንዚኗን ፒክአፕ ልንሸጥ ስንነሳ ደላላው ለታላቅ ወንድሜ የሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ደብተሩን ቤት ተወው» የሚል ነበር። ደብተሩ አባታችን መኪናዋን ከገዙበት ቀን ጀምሮ የጻፉበት ነው። ዘይት የተቀየረበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የፍሪሲዮን ሸራ የተለወጠበት፣ ባሌስትራ የተሰበረበት ቦታ፣ ሞተሩ ወርዶ ፋሻና ኩሺኔታ የተቀየረበት ዓመት፣ ሁሉም በእጅ ጽሕፈታቸው ሰፍሯል። «ሞተር ተከፍቷል የሚል ወረቀት ያየ ገዢ ዋጋ ይሰብርብሃል» አለ ደላላው። ወንድሜ አልሰማውም፤ ደብተሩን ከሊብሬው ጋር አቀረበ። ነገሩ እንደተባለው ሆነ። ገዢው ገጾቹን ሲገልጥ ቆይቶ የሞተር እድሳቱ ላይ ሲደርስ ጣቱን እዚያ አሳረፈና ዋጋውን ቀነሰ። ይህን ሳምንት የምጽፈው ስለዚያ ጣት ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሸጥናት ልናገር። ወንድሜ ከጨንቻ አፕልና ድንች ወደ አርባ ምንጭ ያወርዳል፤ ሲመለስ ሙዝና የሱቅ ዕቃ ጭኖ ይወጣል። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ በዶርዜ በኩል እየተጠማዘዘ ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል። አሮጌዋ መኪና ካርቡሬተር ያላት ናት። ካርቡሬተር ከፍታ አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው መጠን ያፈስሳል። ስለዚህ ዳገቱ በጨመረ ቁጥር ጉልበቷ እየቀነሰ፣ ጥሟ እየባሰ ይሄዳል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሙዙ የምናገኘውን ትርፍ የምትጠጣው እሷ ነበረች።

ስለዚህ በናፍጣ መኪና ልንተካት ወሰንን። ናፍጣ ርካሽ ስለሆነ የቀየርን የሚመስለው ሰው አለ። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በአዲስ አበባ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም፣ ነጭ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሲገባ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ከሦስት ብር አይሞላም። ትርፉ ያለው ሞተሩ ውስጥ ነው። የናፍጣ ሞተር የእሳት ብልጭታ የምትሰጥ ካንዴላ የለውም። አየሩን ሃያ እጥፍ ገደማ አጭቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። አንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአሥር በመቶ በላይ የሚበልጥ ኃይል ይዟል። ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ብዙ ነው።

አዲስ መግዛት ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ የሚታሰብ አይደለም። ያገለገለውም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ። ገበያው አገር ውስጥ ባለው መኪና ላይ ተጨናነቀ፤ ያው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዝውውር ሊብሬው ስም እየቀየረ ይሄዳል። የመኪናው ታሪክ ግን የቀድሞው ባለቤት ጋ ይቀራል።

መጀመሪያ ያየነው ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነበር። «ዱኮ ያልነካው» ተባለ፤ እውነትም አልነካውም። አብረውን የሄዱት አዛውንት መካኒክ ግን ቀለሙን አላዩም። በቀጥታ ሄደው መዳፋቸውን ኮፋኖው ላይ አሳረፉ። ሞቋል። «ይሄ ሞተር ዛሬ ተነስቷል፤ ነገ ማለዳ እንመጣለን፣ ማንም እንዳይነካው» አሉ። የናፍጣ ሞተር ሲሞቅ ብዙ ነገር ይደብቃል። የተዳከመ ጭመቃ፣ የተቃጠለ ካንዴሌታ፣ የሚያፈስ ኖዝል የሚታወቁት በቀዝቃዛ ጠዋት ነው። በማግስቱ ማለዳ ሲነሳ እያንኳኳ ነጭ ጭስ ለቀቀ። የዘይት ክዳኑ ሲከፈት ከውስጥ ጥቀርሻ የቀላቀለ ትንፋሽ ገፋ።

መካኒኩ ነገሩን ለወንድሜ በትዕግሥት አስረዱት። በዚህ ዓይነት ሞተር ናፍጣው ከ1,300 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል። ኖዝሉ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ካረጀች የቃጠሎው ጋዝ ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ዘይት የምትስበውን ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ዘይት ሳያገኝ ይሠራና አንድ ቀን ዳገት ላይ ይነክሳል። ቀለበቶቹ መቼ እንደተቀየሩ የሚያሳይ አንድ ብጣሽ ወረቀት ቢኖር ጥያቄው ያልቅ ነበር። ሻጩ አልነበረውም። ትተነው ሄድን።

«ጋሼ፣ ታዲያ የቱን እንግዛ?» አለ ወንድሜ።

«ናፍጣ ከየት ነው የምትቀዳው?» ብለው በጥያቄ መለሱለት።

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ማደያ ሲደርቅ ነዳጅ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ይገዛል። በጀሪካን ውስጥ ውሃም አቧራም አለ። ያ ረቂቅ ኖዝል ውሃ አይችልም፤ ሲበላሽም በእኛ አካባቢ የሚሠራው የለም። ኖዝሉ 150 ባር አካባቢ የሚከፈተው የቀድሞው ባለ ሜካኒካል ፓምፕ ሞተር ግን ብዙ ይታገሣል። ንጹሕ ናፍጣና ጥሩ ጋራዥ ቅርቡ ላለ ሰው ቱርቦውን አልነቅፍም፤ ከፍታ ላይ የሳሳውን አየር አጭቆ ስለሚያስገባ ለደጋ የተሻለ ነው። ለወንድሜ ግን የሚስማማው አሮጌው ነው።

የገዛነውም እሱን ነው፤ ሦስት ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ከጡረተኛ ሾፌር እጅ። ሰውየው የክሩስኮቱን ሳጥን ከፍተው በላስቲክ የታሰረ የደረሰኝ ጥቅል አወጡ። የናፍጣ ፊልትሮ፣ የኖዝል ልኬት፣ የታይሚንግ ቺንጋ፣ አልፎም የቴስታታ ጥገና፣ ሁሉም ከነቀኑ። ቴስታታው ተከፍቶ እንደነበር ሲነበብ ወንድሜ ዋጋ አልቀነሰም። እንዲያውም ከተመሳሳይ መኪኖች ትንሽ ከፍ ያለውን የጠየቁትን ዋጋ ከፈላቸው። በዶርዜ ዳገት ላይ መኪናው ቀስ ይላል፤ ጨንቻ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል የጎደለ ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። ግን አሮጌዋ ለመቶ ኪሎ ሜትር 17 ሊትር ትጠጣ በነበረበት መንገድ ይሄኛው 11 ሊትር ይበቃዋል፤ በጉሙና በብርዱም ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል።

ገበያችን የሚቀጣው እውነቱን የጻፈውን ሰው ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ያስቆጣኛልም። የአባታችን መኪና ሞተር ታድሷል፤ ስለዚህ ገዢዋ ያንን ወጪ ለዓመታት አያወጣም። ደብተር የሌላት መኪና ሞተር ደግሞ አልተከፈተም ማለት አይደለም፤ ያልተጻፈ ነው። ቅናሹን የሚጠይቅ ሰው በዚያችኛዋ ላይ ይጠይቅ።

ሻጮች፣ የደላላ ምክር ሰምታችሁ ደብተሩን ቤት አታስቀሩ። ገዢዎች፣ ሞተሩ የታደሰበት ገጽ ላይ ስትደርሱ እባካችሁ ጣታችሁን አንሱ።