የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫና የእኛ ሜዳ

አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ኳስ ሲጫወት ባዩ ጊዜ «ሥራ ፈት!» ይሉታል። የእኔም አባት ከእነዚሁ አንዱ ናቸው። ልጅ ለአባቱ መልስ መስጠቱ ነውር ቢሆንም፣ አሳቤን በዚህ መጽሔት በአክብሮት እንድገልጥ ይፈቀድልኝ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሣ። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች የመጀመሪያው ውድድር የተፈጸመው በ1957 ዓ.ም. በጋና ዋና ከተማ በአክራ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ነጻነታቸውን ካገኙ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ለመጨረሻ ከቀሩት አራት ቡድኖች አንዱ የእኛው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነበር። በማሊው ስታድ ማልየን 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ዋንጫውን ግን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ማልየንን 2 ለ 1 አሸንፎ ወሰደ። እንግዲህ ሥራና ኳስ ጠላቶች ቢሆኑ ኖሮ፣ የሥራ ቤት የሆነው ፋብሪካ ቡድን ባላቋቋመ ነበር። ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ነገር ግን ቀድሞ መነሣት ብቻውን አያደርስም። ውድድሩ በ1989 ዓ.ም. ሻምፒዮንስ ሊግ ከተባለ ወዲህ፣ ከአገራችን ክለቦች ለምድብ ጨዋታ መጀመሪያ የደረሰው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ይህም የሆነው ከ20 ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነበር። የግብጹ አል አህሊ ግን እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ዋንጫውን 12 ጊዜ አንሥቷል።

ለምን ወደ ኋላ ቀረን? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ አንዱን ብቻ ልናገር፤ እርሱም ሜዳ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን 2 ለ 0 ባሸነፈበት ቀን እንኳ በአገር ቤት ሊደረግ የሚገባው ግጥሚያ የተደረገው በማላዊ ነበር፤ ኮንፌዴሬሽኑ የሚቀበለው ስታዲየም በአገራችን አልተገኘምና።

ስታዲየሙ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ግን የእኛ ነው። ሜዳችን ቁልቁለት ነው፤ ኳሷ አንድ ጊዜ ካመለጠች ገደል ትገባለች፤ ከምንጫወትበት ጊዜ ይልቅ እርስዋን ፍለጋ የምንወርድበት ይበልጣል። በድንጋዩ የእግር ጥፍሩ ያልተነቀለ ተጫዋች የለንም። እኅቶቻችንማ ተራም አይደርሳቸው።

ስለዚህ ወላጆችንና መምህራንን የምለምነው ይህን ነው፦ አዝመራው ከተሰበሰበና አውድማው ካለቀ በኋላ፣ በዓል ያልሆነ አንድ ቀን ይመረጥ፤ ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ እኛ ተማሪዎች ድንጋዩን እንለቅማለን፣ አፈሩን እንሸከማለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አባቶቻችን ድፍን ዐለት ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ባነጹበት በላስታ ምድር፣ እኛ ጠጠር መልቀም ቢያቅተን ያሳፍራል።

አባቴም ዶማቸውን ይዘው እንደሚመጡ ተስፋ አለኝ። በዚያች ቀን እንኳ ሥራ ፈት አይሉኝም።