ስለ ዐሥራ ሦስተኛዋ ወር

የወር ስም ለሰሚው ጥቂት ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ልደትና ሞት፥ ውልና ዕዳ፥ ጾምና በዓል ሁሉ የሚታሰሩት በወርና በቀን ነውና፥ የወሩ ስም የተሳሳተበት መዝገብ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ይህም ዛሬ በኮምፒዩተር በሚሠሩ መዝገቦች ላይ በግልጥ ይታያል።

ባለጉዳይ የልደቱን ቀን ሊያስመዘግብ ሲቀርብ፥ በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ አንድ ሣጥን ያገኛል፤ ሲነካውም የወሮች ስም ወደ ታች ይዘረጋል። ባለሙያዎች ተቆልቋይ ዝርዝር ይሉታል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ ተጽፎ የሚገኘው ግን «ጃንዩወሪ፥ ፌብሩወሪ፥ ማርች» እያለ የሚሄድ ነው፤ ይኸውም ልብሱ ግዕዝ፥ ሰውነቱ ባዕድ ማለት ነው። የስሕተቱ ምንጭ የታወቀ ነው። የኮዱ ጸሓፊ መሣሪያውን የአማርኛን የወር ስሞች ይለምነዋል፤ ቋንቋውን እንጂ አቈጣጠሩን አይነግረውም። ዩኒኮድ የሚያሳትመው የቋንቋዎች መዝገብ ለኢትዮጵያ የጎርጎርዮስን አቈጣጠር ስለሚያስቀድም፥ ያልተነገረው መሣሪያ ያንኑ ይሰጣል። በዚያው መዝገብ ውስጥ ግን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ዐሥራ ሦስቱም ወሮች በአማርኛ ተጽፈው ተቀምጠዋል፤ «ኢትዮጲክ» ብሎ አቈጣጠሩን በስሙ የጠራ ሁሉ ያገኛቸዋል። እንግዲህ የጐደለው ዕቃው ሳይሆን የጠያቂው ትጋት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይከፋል። አንዳንዱ ጸሓፊ ባዕዱን ስም አውጥቶ፥ በሴፕቴምበር ስፍራ መስከረም፥ በጃንዩወሪ ስፍራ ጥር እያለ ይለጥፋል። መስከረም 1 ቀን ግን በዚህ ዘመን የሚውለው በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ነው። ስለዚህ መስከረም 25 ቀን 2013 ዓ. ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 5 ቀን 2020 ሳለ፥ በእንዲህ ያለው ዝርዝር ሴፕቴምበር 25 ሆኖ ይጻፋል። ስሙ ተመለሰ፤ ዐሥር ቀን ግን ተሰረቀ። ጳጉሜንማ ከነአካቴው ስፍራ የላትም።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ ነው። ጃቫና ዶት ኔት የሚባሉት መሣሪያዎች የወር ስሞችን ሲሰጡ፥ ዐሥራ ሦስት ስፍራ ያለው ተራ ይሰጣሉ፤ ዐሥራ ሦስት ወር ላለው አቈጣጠር ታስቦ የተተወ ነውና፥ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር የመጨረሻው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ጀማሪው በዝርዝሩ ግርጌ ባዶ መስመር ሲያይ ጕድለት መስሎት ይቈርጠዋል። በሁለቱ መደበኛ ዕቃ ውስጥ የኢትዮጵያ አቈጣጠር ባይገኝም፥ አይ ሲ ዩ በተባለው በነፃ በሚገኝ የኮድ ስብስብ ውስጥ አለ። ባዕዳን ስፍራውን ሲተዉ፥ የወሩ ባለቤት በገዛ እጁ ይዘጋዋል!

«ስለ አምስት ቀን ይህን ያህል ድካም ለምንድር ነው?» የሚል ይኖራል። ጳጉሜን 3 ቀን 2013 ዓ. ም.፥ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት የተወለደውን ሕፃን ያስብ። ነሐሴ 30 ቢሉት ቀኑ ሐሰት ነው፤ መስከረም 1 ቢሉት ደግሞ ዓመቱም ተለውጦ 2014 ይሆናል። እናቱ በምጥ ያወቀችውን ቀን መዝገቡ ይክዳታል።

«ንግዱ ከዓለም ጋር ነው» ለሚለውም መልሱ ቀላል ነው፤ ቀኑ አንድ ሆኖ ሳለ በሁለት አቈጣጠር ሊነበብ ይችላልና፥ አንዱን ለማኖር ሌላውን መግደል አያስፈልግም። «ስሌቱ ከባድ ነው» የሚለው ደግሞ ባሕረ ሐሳብን ከሚማር ልጅ ይጠይቅ። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተከፍሎ 3 ቢተርፍ ጳጉሜን 6፥ አለዚያ 5 ትሆናለች። 2015 ዓ. ም. ዘመነ ሉቃስ ነበረና ጳጉሜን 6 ሆናለች። 28 እና 29፥ 30 እና 31 እያለ የሚለዋወጠውን የጎርጎርዮስን ወር የቻለ ጸሓፊ ይህ አቃተኝ ቢል ማን ያምነዋል?

የሚገባው ሥራ ይህ ነው። በመዝገቡ የሚቀመጠው ከ1 እስከ 13 ያለው የወሩ ቍጥር ይሁን፤ ስሙ ለንባብ ብቻ ይታይ። አንዱ ኅዳር፥ ሌላው ህዳር፤ አንዱ ጳጉሜን፥ ሌላው ጳጉሜ ብሎ ይጽፋልና፥ በስም የተቀመጠ ወር ሲፈለግ ይጠፋል። በፊደል ተራ ቢደረደሩም ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል። የካቲት በትግርኛ ለካቲት፥ መስከረም በኦሮምኛ ፉልባና ነው፤ ቍጥሩ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ሥራውን አሠርተው የሚረከቡ ሹማምንትም ነገሩን ለባለሙያ ብቻ አይተዉት። ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ዝርዝሩን ከፍተው ወደ ታች ይቍጠሩ፤ ዐሥራ ሦስት ካልሞላ ሥራው አልተፈጸመምና አይቀበሉት።