ሰኔ 30 መቼ ነው?

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሣ የጎንደር ሕዝብ ያየው ኳሱንና ጎሉን ነበር። የእያንዳንዱ ተጫዋች ውል መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ የመከታተሉን ሥራ ግን ብዙዎቻችን አናስበውም። በእኔ እምነት ይህ ሥራ ለጽሕፈት ቤት ብቻ የሚተው ሳይሆን የመረጃ ሳይንስም ጉዳይ ነው።

በአንድ ውል ላይ የማብቂያው ቀን «30/10/2016» ተብሎ ተጽፏል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጁላይ 7 ቀን 2024 ላይ ይውላል። ያንኑ አኃዝ የውጭ አገር ክለብ ቢያነበው ግን ኦክቶበር 30 ቀን 2016 ይሆንበታል፤ ውሉም ከሰባት ዓመት በፊት ያበቃ ይመስለዋል። ዓመቱን በትክክል ለውጦ ሰኔ 30ን «ጁን 30» ብሎ የሚተረጉም ሰው ደግሞ ሰባት ቀን ያጎድላል።

ሰባት ቀን ቀላል አይደለም። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር ለመፈረም ነፃ የሚሆነው ውሉ ሊያበቃ በቀሩት 6 ወራት ውስጥ ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ተጫዋቹ ያለጊዜው ፈርሞ ውል አፍራሽ ሊባል፣ ወይም የአንድ ሳምንት ደመወዙን ሊያጣ ይችላል። ፊፋ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ዝውውር በኮምፒውተር ሥርዓት እንዲፈጸም አስገድዷል፤ ሁለቱ ክለቦች ያስገቡት መረጃ ካልተመሳሰለም ዝውውሩ አይጸድቅም።

የሌሎችን ልምድ እንመልከት። በሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ሊግ አንድ ክለብ ከ50 በላይ የተጫዋቾች ውል መያዝ አይችልም፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ደግሞ የክለቡ ጠቅላላ የደመወዝ ወጪ ጣሪያ ተበጅቶለታል። ስለዚህ ክለቦቹ የየውሉን ዘመንና አማካይ ዓመታዊ ክፍያ በየዕለቱ እያሰሉ ይከታተላሉ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ትክክለኛ መዝገብ የሌለው ጣሪያ ግን ከወረቀት አያልፍም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ኮምፒውተሩ ቀኑን እንደ አንድ ተከታታይ የዕለት ቁጥር ይያዘው፤ ለአንባቢው በሁለቱም አቆጣጠር ያሳየው፤ የወሩም ስም በፊደል ይጻፍ። ውሉ ሊያበቃ 6 ወር ሲቀረው ለክለቡም ለተጫዋቹም ማስታወሻ ይላክ። የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት ማስላት ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን ከመመረቂያ ሥራ የማያልፍ ተግባር ነው።

ከዳባት ወይም ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ከተማ ለሚመጣ ወጣት የመጫወቻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከእርሱ ላይ አንዲት ሳምንት እንኳ በስሌት ስሕተት ልትባክን አይገባም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ቀኑ በሁለት መንገድ የሚነበብ ጽሑፍ ግን የሚያወርሰው ክርክርን ነው።